ጋሽ ውቤ መኪና የላቸውም

የጌጥነሽ እንጀራዋ አፏ ነው። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በሐኪምና በታማሚ መካከል ሦስተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለአንዱ ታደርሳለች። አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ። "መገሽሬት" ይሏታል፤ ድልድይ የምትሆን ሴት ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ድልድይን ሰው ሁሉ ረግጦት እንደሚያልፍ አስቦበት ይሁን አይሁን እንጃ።

ሥራው ሕግ አለው። መገሽሬት አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ አትመክርም። ታማሚው "ወገቤን አመመኝ" ካለ እሷም "ወገቤን አመመኝ" ትላለች እንጂ "ወገቡን አመመው" አትልም፤ ሐኪሙ ሰውየውን ራሱን የሚሰማ እንዲመስለው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጌጥነሽ ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስኳር ይዟታል፣ ፕሮስቴቷ አብጧል፣ ሦስት ልጅ ቀብራለች፣ አንድ ጊዜም ሚስቷ ጥላት ሄዳለች። ከሥራ ስትወጣ ይህን ሁሉ እዚያው ወንበር ላይ ጥላው መሄድ አለባት። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመት ጥላው ትሄድ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ተከትሏት ቤት ይገባ ጀመር። ለማንም አልነገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጌጥነሽ የኢሪት ክፍል ውስጥ ነበረች። ኢሪት የጤና ጣቢያው ሳይኮሎግ፣ የሥነ ልቦና ሐኪም ናት፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች፣ ጠይቃ መልስ እስኪመጣ ዝም ማለት የምታውቅ ሴት። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ጋሽ ውቤ ናቸው። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድተዋል፤ በዕብራይስጥ ማልጌዛ ይሉታል። ከአንድ ወር በፊት ሥራ ላይ እያሉ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሆስፒታል ገብተው ተመረመሩ፤ ልባቸው ንጹሕ ነው ተባለ። ልብ ንጹሕ ከሆነ ጭንቅላት ይታይ አሉ የመጋዘኑ አለቆች፤ ደብዳቤ ሳያመጡ ማልጌዛው ላይ አይወጡም። ሐሙስ የሥራ ሐኪሙ ደብዳቤውን አይቶ ይወስናል። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ከማልጌዛው ከወረዱ የሚጠብቃቸው ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ካርቶን መሸከም ነው፤ ወገባቸው ያንን አንድ ሳምንት አይችልም።

ይህን ሁሉ ጌጥነሽ ታውቃለች። ለዚህም ነው ጋሽ ውቤ ትንሽ እንኳ ቢናገሩ የምትመኘው። እሳቸው ግን የጎንደር ሰው ናቸው፤ የሆዳቸውን ለማያውቋት ሐኪም፣ ያውም ልጃቸው በምትሆን ሴት አፍ አስተርጉመው ሊያወጡ ነው እንዴ?

"እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አለች ኢሪት፤ ጌጥነሽም አደረሰች።

"ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቤተሰብዎስ?"

"ሁሉም ደህና ነው።"

"ልጅዎ ናዖር ተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ሚልዊም ላይ ነው የሚል እዚህ ተጽፏል።"

"ነው። ሦስተኛ ዙሩ ነው። ደህና ነው።"

ኢሪት ዝም አለች። የሷ ዝምታ የሥራዋ መሣሪያ ነው፤ ለጌጥነሽ ግን ዝምታ መከራ ነው። ሁለት ሰው ዝም ባለበት ክፍል ውስጥ የአስተርጓሚ ሥራዋ ምንድን ነው? ከመስኮቱ ውጪ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጢጥ ጢጥ ይላል። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ጠዋት ብቻ ሰባት ሰው ደውሏል፤ ለአንዱ ከብሔራዊ መድን ደብዳቤ መጥቶለታል፣ አንዷ ለዓይኗ ቀጠሮ ትፈልጋለች፣ እናቷ ሁለት ጊዜ ደውላለች።

"ከሥራ ሲወጡ ምን ይሰማዎታል?" አለች ኢሪት በመጨረሻ።

ጋሽ ውቤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አሰቡ። "ድካም ነው። ሌላ ምን ይሰማል።"

"ድካም ነው" አለች ጌጥነሽ በዕብራይስጥ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። አላቆመችም።

"ድካም ነው፤ ግን ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ድካም አይደለም። ሊነጋ ሲል ስልክ ይጮህልኛል፤ ብድግ ስል ስልኩ ጸጥ ብሏል። አድ ሃሎም መብራቱ ጋ ስደርስ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፤ መንገዱን አላስታውሰውም። የምወዳቸው ሰዎች ሲያናግሩኝ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንዳሉኝ ግን አልሰማም። ማታ ሰፈሬ ስደርስ መኪናዬን አቆምና ውስጡ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት። ወደ ቤት ከገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እዚያው ተቀምጬ ብቀር ይሻለኛል እላለሁ።"

ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት። ኢሪት አንገቷን ደፍታ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። ጋሽ ውቤ ቀስ ብለው ዞረው ጌጥነሽን አዩዋት። ረጅም አስተያየት ነው፤ ቁጣም የለበትም፣ መገረምም የለበትም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ይህን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል" አለች ኢሪት ጋሽ ውቤን እያየች፤ ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም።

"አመሰግናለሁ ትላለች" አለች ጌጥነሽ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት" አሉ ጋሽ ውቤ።

አራት አምስት ቃል ተናግረው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተተረጎመላቸው። ኢሪት አማርኛ አታውቅም፤ ምናልባት ብዙ ነገር በጥቂት ቃል የሚያልቅበት ቋንቋ መስሏት ይሆናል።

ጌጥነሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፤ ደገመች። ወዲያውኑ ተመልሳ "ያ ሁሉ የኔ ነው እንጂ የሳቸው አይደለም" ማለት ነበረባት፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን እንዲያ ብላ ስትወጣ ምን ትሆናለች? የምትጨምር መገሽሬት ሚዛኑ የተሰበረ ነጋዴ ናት፤ ማን ይጠጋታል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሠራ ስም በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። ደግሞስ፣ አለች መስተዋቱን እያየች፣ ማን ያውቃል፣ ጋሽ ውቤም እንዲያ ይሰማቸው ይሆናል። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ጥሩ ጠበቃ እንደሚያገኝ። በሩን ስትከፍት ኮሪደሩ ላይ አምስት ሽማግሌዎች ደብዳቤያቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቋታል። ነገ እነግራታለሁ አለችና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ተቀበለች።

ሰኞ መጣ፤ አልነገረችም። ሰኞ ማታ ልጇ ኤፍራት ስለ ፈተናዋ እያወራቻት ሳለ "እናቴ፣ እየሰማሽኝ ነው?" አለቻት። ጌጥነሽ "እየሰማሁሽ ነው" አለች። ኤፍራት ደብተሯን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ ጌጥነሽም የፈተናው ስም ምን እንደነበር ለማስታወስ ሞክራ አቃታት።

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋን ከሕንፃቸው ሥር አቁማ ተቀምጣለች። ሞተሩ ጠፍቷል። ሙቀቱ ቢበረታም መስኮቱን አላወረደችም። ስልኩ ጎኗ ባለው ወንበር ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የወጥ ቤታቸው መስኮት ክፍት መሆኑን ታያለች። አሁን እወጣለሁ ትላለች፤ እግሯ ግን እሺ አይላትም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ደንግጣ ዘለለች። ጋሽ ውቤ ናቸው፤ በእጃቸው ናይሎን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ይዘዋል። ሰፈሩ እንዲህ ነው፤ ዕብራይስጥ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ ጌጥነሽ ነው የሚመጣው፤ ቤቷም ቢሆን፣ ገበያም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። ትልቅ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ አልችልም ማለት ነውር ነው። አንድ ቀን እንኳ ብላ አታውቅም።

"ይግቡ፣ ጋሽ ውቤ" አለች፤ በሩን ከፈተችላቸው።

ገቡና ጎኗ ተቀመጡ። ወረቀቱን ከናይሎኑ አወጡት። "ከሐኪሟ የመጣ ነው። ሌላው ቅጂ ለሥራው ሐኪም ሄዷል አሉኝ። እስቲ አንብቢልኝ።"

ጌጥነሽ ተቀበለች። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስምና ዕድሜ፣ የሆስፒታሉ ውጤት፤ እያነበበች ተረጎመችላቸው። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ የራሷን ቃላት አየቻቸው። በማኅተምና በፊርማ፣ በንጹሕ የሐኪም ዕብራይስጥ ተጽፈው ተሰልፈዋል። ታካሚው ስልክ ሳይጮህ ስልክ ይሰማዋል። ታካሚው መንገድ ላይ እያለ የት እንዳለ የማያውቅበት ጊዜ አለ። ታካሚው መኪናው ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል፣ ወደ ቤቱ መግባት አይፈልግም። ከዚያም ከታች፦ ሁኔታው እስኪሻሻል ፎርክሊፍት እንዳይነዳ አሳስባለሁ።

ነገ ረቡዕ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ውቤ።

"ብዙ ደክመዋል ነው የሚል" አለች። "ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግዎታል ይላል።"

ዓይኗን በጨው ታጥባ ዋሸች። ሕይወቷን ሙሉ በደብዳቤ ጉዳይ ሰው አታላ አታውቅም፤ አሁን ግን ቃሉ እንደ ውኃ ፈሰሰላት።

ጋሽ ውቤ ከፊታቸው ያለውን የመኪናውን መስታወት ተመለከቱ። ከዚያ "የመኪናውንስ?" አሉ።

"ምን?"

"ስለ መኪናው የተጻፈውን። እሱን አንብቢልኝ።"

ጌጥነሽ ክው አለች። ወረቀቱ በእጇ ላይ ቀረ።

"እኔኮ መኪና የለኝም፣ ልጄ" አሉ ረጋ ብለው። "ለናዖር ከሰጠሁት ስድስት ዓመቴ። በአውቶቡስ ነው የምሄድ የምመጣ።"

"ዕብራይስጥ... ይሰማሉ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ከነሱ ጋር ስውል ጆሮዬን ደፍኜ ነው የኖርሁ? መናገሩ ነው እንጂ አንደበቴን የሚይዘኝ፣ መስማቱንስ እሰማለሁ። ሐኪም ቤት ሲሆን ቃሉ ይከብዳል፤ ለዚያ ነው አንቺን የምፈልግ። ያን ቀን የተናገርሽው ግን ከባድ ቃል አልነበረበትም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን 'ይህን እኔ አላልሁም' አላሏትም? ማልጌዛዎን ሊወስዱብዎት ነውኮ።"

"በሰው ፊት ላዋርድሽ? አባትሽን አውቃቸዋለሁ፤ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነ። ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆንሽ ነው፤ ቋንቋውን ቶሎ ይዘሽ ለአባትሽ ሐኪም ዘንድ ታስተረጉሚ ነበር፣ እግርሽ ከወንበሩ መሬት ሳይደርስ። አሁን እኔ ለሐኪሟ 'ይች ልጅ ከራሷ ጨመረች' ብላት፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያምንሻል?"

"ለኔ ብለው ዝም አሉ።"

"ዝም አልሁ። ሐሙስ ይምጣ አልሁ። ምን ላድርግ።" እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ። "ዛሬ ግን ወደ ቤትሽ ልወጣ ስል መኪናው ውስጥ አየሁሽ። ከፊት ለፊቱ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅሁሽ፤ ትወጫለሽ ብዬ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። አልወጣሽም። ይኼው ነው ነገሩ፣ እውነቷን ነው፣ አልሁ በልቤ። እኔ ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ላንቺስ ስንት ቀረሽ?"

ጌጥነሽ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሽ ውቤ አላባበሏትም፤ አጠገቧ ተቀመጡ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ አንዳቸውም አላነሡትም። ሲበቃት ፊቷን በእጇ ጠረገችና ወረቀቱን አንሥታ ሁለተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ አነበበችላቸው።

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጌጥነሽ የኢሪት በር ላይ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ከወዲያ ሆነው ጠሯት፤ "ቆይ፣ አባቶቼ፣ ዛሬ እኔም ተራ ይዣለሁ" አለቻቸው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ኢሪት የለችም። ሁለት ተኩል ሆነ። ጸሐፊዋ "ኢሪት ዛሬ ጠዋት ሌላ ቅርንጫፍ ናት፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የምትመጣ" አለቻት። የመጋዘኑ የሥራ ሐኪም ፋይሉን ሐሙስ ጠዋት ነው የሚያየው፤ ምናልባት ዛሬውኑ አይቶት ይሆናል። ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ለአራት ታማሚ አስተረጎመች። እያንዳንዱን ቃል ተናግራ በጨረሰች ቁጥር "ይህ የማን ነው?" እያለች በልቧ ትጠይቃለች፤ ሥራዋን ፈራችው።

ኢሪት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጌጥነሽ ተከትላት ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አላስጌጠችውም። ጋሽ ውቤ ያሉትን አምስት ቃል፣ እሷ የጨመረችውን ሁሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ማክሰኞ የዋሸችውን።

ኢሪት መጀመሪያ ያደረገችው ስልክ ማንሣት ነው። የሥራ ሐኪሙ አልመለሰም። እንደገና ደወለች። ሦስተኛው ላይ አነሣ። "የላክሁልህ ደብዳቤ ስሕተት አለበት፤ እንዳትወስንበት። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ይደርስሃል።" ካዳመጠች በኋላ ስልኩን አስቀመጠች። "ገና አላየውም" አለች። ጌጥነሽ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ቁጭ በይ። ሌላኛው ላይ፣ ያንቺው ላይ አይደለም" አለች ኢሪት የታማሚውን ወንበር እያሳየቻት። ጌጥነሽ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ክፍሉን አይታው አታውቅም ነበር።

"ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅሽም። ለኃላፊሽ መንገር አለብኝ፤ አንቺም አብረሽኝ ትነግሪያታለሽ።" ኢሪት ውኃ ቀዳችላት። "ተቆጥቼ ደግሞ እጠይቅሻለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ።" ከዚያ "አይ" አለች። "ከዚያም በፊት ነው። ልብ አላልሁትም።"

"እንቅልፍ፣ መርሳት፣ ሰው መሸሽ፣ ምንም አለመሰማት። አንቺ ስሙን ታውቂዋለሽ፤ ለስንቱ ተርጉመሽዋል።"

ታውቀዋለች። ዕብራይስጡ "ሽሒቃ" ይለዋል፤ በማያቋርጥ ጫና ሰው ቀስ በቀስ ሲያልቅ። አማርኛው ላይ አንድ ቃል ስለማይበቃው ጌጥነሽ ለሽማግሌዎቹ የምትናገረው የራሷ ንግግር አላት፤ በቃሏ ይዛዋለች።

"ለነሱ የምትይውን ንገሪኝ" አለች ኢሪት። "በአማርኛ በይው፤ እኔ ባይገባኝም ግድ የለም።"

ጌጥነሽ ጀመረች። "እማማ፣ ይሄ እብደት አይደለም። ብዙ የተሸከመ ሰው ይደክማል። ወገብ እንደሚደክም ሁሉ ልብም ይደክማል። ሳይኮሎግ ዘንድ መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ብቻዎን..." እዚህ ላይ ተያዘች። ብዙ ጊዜ "ብቻዎን አይያዙት" ብላ ለሰው ተናግራዋለች፤ ለራሷ ግን ቃሉ አልወጣም። ኢሪት አልቸኮለችም። ጌጥነሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዝምታ አልሞላችውም።

ከዚያ ኢሪት ነገሩን በሚጨበጥ መልክ አስቀመጠችው። እሷ ራሷ ልታክማት አትችልም፤ አብረው ስለሚሠሩ ትክክል አይሆንም። ናዳቭ የሚባል ሳይኮሎግ ጋ ትልካታለች፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሌላ ሰፈር፣ ማንም ኮሪደሩ ላይ በማያያት ቦታ። ነገ ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ሄዳ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ትጠይቃለች። ስልኩ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ደብዳቤ ያለው ሰው በሥራ ሰዓት ጤና ጣቢያው ይምጣ።

"እናቴ ብትደውልስ?"

"እናትሽ የኤፍራትን ቁጥር ታውቃለች።"

"ሽማግሌዎቹስ? ቤቴ ቢመጡ?"

"ምን ትያቸዋለሽ?"

ጌጥነሽ አሰበች። "ዛሬ አልችልም፤ ነገ ጤና ጣቢያው ይምጡ።" ስትናገረው ጆሮዋ ጋለ፤ ስድብ የተናገረች መሰላት። ኢሪት ደግመሽ በይው አለቻት፤ ደገመችው።

ኢሪት አስጠርታቸው አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ውቤ መጡ። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። ኢሪት "ሌላ አስተርጓሚ በስልክ ላስመጣ?" ብላ በቀስታ ዕብራይስጥ ጠየቀቻቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ሦስተኛዋ ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ጌጥነሽ እያመለከቱ በአማርኛ "እሷ ትቀመጥ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ዕብራይስጡ ዞሩ። "ራሴ እናገራለሁ።"

የመጋዘን ዕብራይስጥ ነው። ግሱ አይስማማም፣ መሐል ላይ የካርቶንና የመኪና ቃል ይገባበታል። ጌጥነሽ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። ኢሪት አሮጌውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እየጠየቀች ከተባለው ውጪ የሆነውን በብዕር ትሰርዛለች።

"ስልክ ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም።"

ሰረዘችው።

"ማልጌዛ ላይ ሆነህ የት እንዳለህ የጠፋህ ጊዜ አለ?"

"የለም። እዚያ ላይ ሁሉን አያለሁ። ከፍ ያለ ነው። እዚያ ላይ ስሆን ነው ደረቴ የሚለቀኝ።"

ያንንም ሰረዘችው፤ ከሥሩ ያሉትን ጻፈች።

"መኪናውስ? መኪና ውስጥ መቀመጡ?"

"መኪና የለኝም" አሉ ጋሽ ውቤ። ኢሪት ብዕሯን ልታሳርፍ ስትል ግን እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። "መኪናውን አጥፊ። መቀመጡን ተይው።"

ኢሪት ቀና አለች። ጌጥነሽም ቀና አለች።

"የኔም ነው" አሉ። "ከአውቶቡስ እወርዳለሁ። ወደ ቤት አልሄድም። መጠበቂያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ከዚያ ሆኜ የሕንፃችን በር ይታየኛል።" ዕብራይስጡ አጠራቸው፤ ፈለጉት፤ አገኙት። "ወታደር ሲሞት በስልክ አይነግሩም። የሠራዊት መኪና ይመጣል፤ በር ያንኳኳሉ። መኪናው ቆሞ እንደሆነ አያለሁ። ከሌለ ትንሽ እቆያለሁ፤ ይመጣ ይሆናል እላለሁ። ካልመጣ እነሣለሁ። ሚስቴ ለምን አመሸህ ስትለኝ አውቶቡሱ ዘገየ እላታለሁ።"

ያን ወንበር ጌጥነሽ ታውቀዋለች። ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል ነው የምታልፈው፤ ጋሽ ውቤን ብዙ ቀን እዚያ አይታቸዋለች፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ መስሏት ጡሩምባ ነፍታ ሰላም ብላቸው አልፋለች። እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ይመልሱላት ነበር። ከዚያ እሷ መቶ ሜትር ርቃ ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ትቀመጣለች።

እንባዋ መጣ። በልማድ ወደ ኢሪት ዞራ አፏን ከፈተች፤ በዕብራይስጥ የተነገረውን በዕብራይስጥ ልትደግመው ነበር።

"ሰምቻለሁ" አለቻት ኢሪት።

ጌጥነሽ አፏን ዘጋች። ወንበሯን ወደ ጋሽ ውቤ አስጠጋች፤ ኢሪትም አዲስ ወረቀት አውጥታ ደብዳቤውን ከላይ ጀምራ መጻፍ ያዘች።